ሦስት ቁጥር ማሊያ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ታናሽ እህትህ ያንተን ክፍል ወርሳ ግድግዳውን በሙሉ በሥዕል ሸፍናዋለች፤ ስትመጣ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ አልገባበትም። እኔም ያው እንደምታውቀኝ ነኝ። ሳምንቱን በየሰዉ ቤት የመብራት ቆጣሪ ሳነብ፣ ቅዳሜና እሁድ ፊሽካ ስነፋ እውላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ፈጣን ነህ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱ ይደርሳል። አሁን ግን ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

«ዘንድሮ ውድድሩ ተሰርዟል፣ ወደ እናንተ አንመጣም» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? በነጋታው የዳኞች ኮሚቴ የጨዋታ ፕሮግራም ሰጠኝ። የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ስም ከላይ ተጽፏል፤ ዳኛው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄ ድንገት መጥቶ ሊያስደስተኝ ይሆናል አልኩ። ልቤ ግን አላመነም። ሰው ቆጣሪውን ነካክቶ በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ እኔ እጄንም አላሳረፍኩበት» ሲለኝ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። አንዴ ከጠረጠርኩ እንቅልፍ የለኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የነገርከኝን ሁሉ እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። በደወልክ ቁጥር ከኋላህ መጋዝ ይሰማል። «ግቢው ግንባታ ላይ ነው» ትለኛለህ። ዓመት ሙሉ የማያልቅ ምን ዓይነት ግንባታ ነው? የፈተና ውጤትህን ስጠይቅህ ስለ ኳስ ታወራኛለህ። ስለ ኳስ ስጠይቅህ ኔትወርኩ ይቆረጣል።

ልጄ ያለበትን ቡድን መዳኘት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ለኮሚቴው ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መጀመሪያ ስም ዝርዝሩን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሜዳው ደርቆ የመስመሩን ኖራ ነፋስ በግማሽ ጠርጎታል። እንደ ደንቡ ተጫዋቾቹን አሰልፌ መታወቂያቸውን ከፊታቸው ጋር አስተያየሁ። ያንተ ማሊያ፣ ሦስት ቁጥር ጋ ስደርስ አንድ ጠይም፣ ደልደል ያለ ልጅ ቀረበ። መታወቂያው የራሱ ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ተቀያሪዎቹንም ጨምሬ አየሁ። የለህም።

አምበሉን ጠርቼ ስምህን ነገርኩትና «ይህን ማሊያ ይለብስ የነበረውስ?» አልኩት።

«እሱ እንኳ ፈተና አለበት» አለኝ ታኬታውን እያየ።

«ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነው» አለ በረኛው ከጎኑ፣ ልክ በዚያው ቅጽበት።

አሰልጣኙ ዘወር ብሎ «ማን ነው እሱ?» አለ።

ስለ አንድ ልጅ ሦስት መልስ! ጨዋታውን አስጀመርኩ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ሃያ ሁለቱም ልጆች ተማክረው የሚዋሹኝ መሰለኝ። አንዱ ሲወድቅ «ተነስ!» እላለሁ፤ ሌላው አቤት ሲል ፊቴን አዞራለሁ። በእረፍት ሰዓት «ቀጭኔው» የምንለው የመስመር ዳኛ ወዳጄ ጠጋ ብሎ «ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ።

«ሁሉም ያስመስላሉ» አልኩት።

«እኔንም እንደዚያው እያየኸኝ ነው» ብሎ ውሃውን ይዞ ራቀኝ።

በሰባኛው ደቂቃ፣ የእናንተ ልጆች አንድ ለባዶ እየተመሩ፣ ሦስት ቁጥር ኳስ እየገፋ ሳጥን ውስጥ ገባ። አንድ ተከላካይ ከጎን ደረሰበት። ልጁ ወደቀ። ቀጭኔው ባንዲራውን አነሳ። እኔ ቢጫ ካርድ መዘዝኩ፣ ያውም ለወደቀው ልጅ፤ አስመስሏል ብዬ።

አልተከራከረኝም። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። የቅልጥሙ ቆዳ ተሰንጥቆ ደሙ ታኬታው ውስጥ ገብቷል። ጨዋታው ገና አልቀጠለም፤ ውሳኔዬን ሽሬ ፍጹም ቅጣት ምቱን መስጠት እችል ነበር። አፍሬ አልሻርኩም። አንድ ለባዶ ተሸነፉ።

ከጨዋታው በኋላ ልብስ መቀየሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያስር አገኘሁት። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ለተጫዋች ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«ግድ የለም ጋሼ» አለኝ። ፋሻውን እየቋጠረ «ጉልበትዎን ያምዎታል እንዴ? በቀኝ በኩል ሲዞሩ ያነክሳሉ» አለ።

«ማን ጠይቅ አለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። መደበቁ የሰለቸው መሰለኝ። «ልጅዎ። እያቸውና ንገረኝ ብሎኝ ነው። አንድ መኝታ ክፍል ነበርን።»

«ነበርን?»

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። አምና ሁለት ትምህርት እንደወደቅክ፣ ድጋሚ ተመዝገብ ቢሉህ እምቢ እንዳልክ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ አናጢ ዘንድ አልጋና ቁም ሳጥን እንደምትሠራ፣ ማሊያህን ለእሱ እንደሰጠኸው ነገረኝ። ለምን እንደደበቅከኝ ስጠይቀው «አባቴ ውሸት ከሩቅ ያውቃል፣ አንድ ቀን ራሱ ይደርስብኛል ይላል። እየጠበቀዎት ነው ጋሼ» አለኝ። ልጁን እንዳትቀየመው። ቃሉን ያፈረሰው እኔ ደረጃው ላይ አጠገቡ ዘጭ ብዬ ስቀመጥ አይቶ ነው።

በጨዋታው ሪፖርት ላይ የካርዱን ስህተት ጻፍኩ። ልጄ አለበት ብዬ ያሰብኩትን ቡድን ሳላሳውቅ መዳኘቴንም ጨመርኩ። ትናንት ኮሚቴው ስድስት ሳምንት አገደኝ። አልከፋኝም።

የከበደኝ ቤት መግባቱ ነው። የእናንተን ጨዋታ እንደምዳኝ ነግሬያት ስለነበር፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እናትህ «አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት። ሦስት ቁጥር ለብሷል። እንዲያውም ቢጫ ካርድ ሰጠሁት» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም።

«ለገዛ ልጅህ! ምሳ እንኳ ሳታበላው ካርድ አሳይተህ ሸኘኸው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከስቷል?» አለች።

«ትንሽ» አልኳት።

«በስልክ ድምፁ አስታውቆኛል» ብላ ፊቷን አዞረች። እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ናት።

ልጄ፣ አልተቆጣሁም ብልህ አታምነኝም። መውደቅህ አይደለም የቆጨኝ። ዓመት ሙሉ እኔን ፈርተህ መኖርህ ነው። ስለ ጉልበቴ ላስጠየቅከኝ፣ አዎ ያመኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም።

እናትህ ከደወለችልህ ቢጫ ካርዱን አይቻለሁ በላት፤ አራተኛ መልስ እንዳይጨመርብን። ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። በመጪው ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። አናጢ ቤቱን ጠይቄ አገኘዋለሁ፤ አንተ ሥራህን አታቁም፣ በሩ ላይ ቆሜ ትንሽ ልይህ። ከዚያ አብረን ወደ ቤት እንመለሳለን። ለእናትህ የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ፈጣሪ እጅህን ከስለት፣ ልብህን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የሚወድህ
አባትህ