ሦስቱ በሬዎች

ጥር 6
ከልደታ ኮንዶሚኒየም እስከ ሰንጋ ተራ ዛሬም በእግሬ። የታክሲው ሰልፍ አያድርስ ነው።

ቢሮ ስገባ አለቃዬ ሊን፣ “ሊሊ፣ ነይ” አለችኝ። የቻይንኛ አስተማሪዬ ያወጣልኝ ስም ነው፤ እዚያ ሌላ ስም የለኝም። አንድ ፊደል ጽፋ አሳየችኝ። “በሬ” ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፦ 犇። የምትከፍተው የበሬ ሥጋ ምግብ ቤት ስም። ለታፔላው አማርኛውን ካገኘሁ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካላገኘሁ ከሙከራ ጊዜዬ አላልፍም።

ነባሩ አስተርጓሚ ፉፋ፣ ሦስት በሬ በያትና ተገላገዪ አለኝ። እኔ? እንዲህ በቀላሉ?

ጥር 7
አገኘሁት! ጥንታዊ ፊደል ነው፤ ዛሬ ከሰው ስምና ከምግብ ቤት ታፔላ በቀር እምብዛም አይታይም። ሲነበብ “በን”። ትርጉሙ ደንግጠው የሚሮጡ ከብቶች። ለዚህማ እኛ አንድ ቃል ይበቃናል፦ ደነበረ። ስለዚህ “ደንባራ”። አበቃ።

እማዬ ሳቀች። ደንባራ ቤት ማን ገብቶ ይበላል አለች። ትሳቅ... ቻይንኛ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጥር 9
እማዬ ልክ ነበረች። ሊን፣ ደንባራ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት አልቻልኩም። ፊደሉን አሳየችኝና፣ “የአባቴ ስም ነው” አለች። አያቷ አንድ በሬ እንኳ አልነበራቸውም። ልጃቸው ሲወለድ ግን ሦስት ሰጡት፣ በስሙ።

“የጎደለንን ነው ስም የምናደርገው።”

ደነገጥኩ። እኔስ? እውነተኛ ስሜ ቶኩማ... በኦሮምኛ አንድነት። እማዬና አባዬ ሲጣሉ ሲታረቁ ነው የወለዱኝ። አባዬ ስሙን አወጣልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ብን ብሎ ጠፋ።

ብን...

ብን!

ጥር 10
የሰው ስም አይተረጎምም አልኳት ሊንን። ድምፁን እንጻፍ። “በን” ለእኛ ጆሮ ለ“ብን” ቅርብ ነው፤ ብን አለ ማለት ደግሞ ሮጦ ከዓይን ተሰወረ ማለት። ድምፁም ሩጫውም አብረው መጡ። ሁለቴ አስደገመችኝና ፈገግ አለች። ፉፋ እንኳ፣ “አራዳ ነሽ” አለኝ። አውቃለሁ።

ጥር 18
ታፔላው ተሰቀለ። ከላይ ሦስቱ በሬዎች፣ ከታች “ብን”። እኔም ቋሚ ሆንኩ።

ለመታወቂያው ስምሽን ጻፊ ሲሉኝ ሊሊ አላልኩም። ቶኩማ ሙለታ ብዬ ጻፍኩ።

ማታ እማዬ መታወቂያውን አገላብጣ አየችው። የእኔን ስም አነበበች፤ ቀጥሎ የአባዬን።

“እዚህስ አልጠፋም” አለች።