በር የሌለው ክፍል

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣

እናትሽን እኔ በሌለሁበት ቀበርሻት። ይህን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ሞተች፤ አንቺም ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደበቅሽኝ። በየቀኑ ሰላምታ እልክላታለሁ፣ በየቀኑ መልስ ታመጪልኛለሽ። ከአፈር በታች ላለች ሴት «የእንጨት መላጊያዬን ዘይት ቀቢልኝ በያት» ብዬ ላክሁሽ፤ በማግስቱ «ቀብቻለሁ ብላሃለች» አልሽኝ። ቤት ስመለስ መላጊያው በእርግጥ ተቀብቶ አገኘሁት። ያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አቃጠለኝ። «ልቡ አይችልም» ያለሽ ሐኪሙ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ ግን ባሏ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ለደብዳቤሽ መልስ አልሰጠሁም። ባለፈው ግን «በሚመጣው ወር እመጣለሁ፤ ቤት ልግባ ወይስ ሆቴል ልረፍ?» ብለሽ ጽፈሻል። ለዚህ መልስ ይገባሻል፤ ግን መልሱ ላይ የደረስሁበትን መንገድ ሳልነግርሽ አልመልስም። ታውቂኛለሽ፣ አቋራጭ አልወድም።

ነገሩ የጀመረው ከእጄ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቀኝ እጄ በራሱ ይጨበጥ ጀመር፤ አንዴ ከተጨበጠ አይፈታም። ነርሷ አገላብጣ አየችውና አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው አለች። ከዚያ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ወዳለ ክፍል ላከችኝ። በሥዕል ሰው የሚያክሙበት ነው።

«ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ቀለም ላቡካ?» አልኋት።

«ካቃተዎት ይተዉታል» አለችኝ።

እኔን «ካቃተዎት» ማለት ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሄድሁ።

ክፍሉ ትልቅ መስኮት አለው። የመስኮቱን ሥራ አልወደድሁትም፣ ማጠፊያው ተጣሟል። ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የቀለም ብርጭቆዎቹን አልፋ ትገባና ግድግዳው ላይ ቀይና ሰማያዊ ውሃ ይርገበገባል። እዚያ ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር ይጠፋል። ሁሉም አጎንብሶ ዝም ይላል፤ ብሩሽ ብርጭቆ ሲነካ ብቻ ቅጭል ይላል። ነቅተው ሕልም በሚያዩ ሰዎች መካከል የተቀመጥሁ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ብቻ የነቃሁ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ፍሬን» ነው የሚሉት። በመጣ ቁጥር አውቶቡስ ይስላል፣ ሁልጊዜ ባዶ። ተሳፋሪዎቹ የታሉ ብዬ ብጠይቀው «ወርደዋል ወንድሜ፣ ሰው እኮ ይወርዳል» አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

የሥዕል ሐኪሟ በዕድሜ አንቺን ታክላለች። «አባባ፣ ቆንጆ እንዲሆን አይጨነቁ» አለችኝ።

«ቆንጆ ካልሆነ ለምን ይሠራል?»

«ውስጥዎ ያለው እንዲታይ።»

«ውስጤ ያለው የግሌ ነው» አልኋት። ሣቀች፤ ማስመሪያና የአናጺ እርሳሴን ግን ፈቀደችልኝ። ያ እርሳስ ፊደልም ያስቆጠረኝ፣ ቤትም ያሠራኝ ነው፤ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ሳምንት «ብዙ የጠበቃችሁበትን ክፍል ሣሉ» አለችን። የሆስፒታሉን ክፍል ሣልሁ። እንደ ሥራዬ፣ ከላይ ሆኖ ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ነው የሣልሁት፤ አልጋው፣ ኮመዲኖው፣ መስኮቱ፣ ከአልጋው አጠገብ ያለችው የብረት ወንበር። የእያንዳንዱን ልክ በሳንቲሜትር ጻፍሁበት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ልጅቷ ሐኪም መጥታ ብዙ አየችው። «አባባ፣ ሰው በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ወረቀቱን አየሁት። አራቱም ግድግዳ ድፍን ነው።

እኔ አርባ ዓመት በር የሠራሁ ሰው ነኝ። ቤት ስነድፍ መጀመሪያ የማሰምረው በሩን ነው፤ ግድግዳው እንኳ ለእኔ የበሩ ተከታይ ነው። ደነገጥሁ፤ ግን ድንጋጤዬን አላሳየሁም።

«ማንም አይገባም» አልሁ።

«ታዲያ ሾርባውን በቧንቧ ነበር የሚልኩልህ?» አለ ፍሬን። ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

«አንተ ባዶ አውቶቡስህን ንዳ!» ብዬው ተነሥቼ ወጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ያ ክፍል አልለቀቀኝም። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሸለብ ሲያደርገኝ ውስጡ ነኝ። ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስሁ እዞረዋለሁ፤ እንጨቱ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ቆሞ ይተነፍሳል። አያንኳኳም። እናትሽ ናት ብዬ ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ትንፋሹ ግን ልቅሶውን የዋጠ ሰው ትንፋሽ ነው። እናትሽ ልቅሶ ውጣ አታውቅም፤ ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እነቃና ወፎች ይንጫጫሉ፣ እጄ ተጨብጧል።

በሳምንቱ ተመለስሁ። መዳን አምሮኝ አይደለም። በር የሌለው ክፍል ከነስሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው። ፍሬን «መጋዝ ይዘህ መጣህ?» አለኝ፤ ወንበሬን ግን አስቀድሞ ስቦ አስቀምጦልኛል።

የበሩን መቃን አሰመርሁ፤ ዘጠና ሳንቲሜትር። ከዚያ መዝጊያው የሚከፈትበትን ቅስት ለመሣል እርሳሱን አዞርሁ፤ እርሳሱ አልቆም አለኝ። ወረቀቱ የሰፋ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ያ ቀይና ሰማያዊ ውሃ ይርገበገባል፤ ድምፅ የለም። በሩ ተከፈተና አንቺ ገባሽ።

ማስመሪያውን ጣልሁት። ብሩሽ አንሥቼ በእርጥብ ቀለም ሣልሁሽ። ሰው ሥዬ አላውቅም፤ የተጠረበ ግንድ ነው የምትመስዪው። ጫማሽን ግን ቡናማ ቀባሁት፣ ደገምሁት፣ ደጋገምሁት፤ ቀለሙ ወለሉ ላይ እስኪፈስ።

«ጫማዋን ምን ነካው?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ጭቃ ነው» አልሁ። «ከቀብር ነው የመጣችው።»

እኔም የሰማሁት ከአፌ ሲወጣ ነው።

ያን ቀን ዘንቦ ነበር። አንቺ በሩ ላይ ቆምሽ። እኔም ከአልጋዬ ሆኜ «የበሽተኛ ክፍል በጭቃ እግር ይገባል? እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?» ብዬ ጮህሁብሽ። አጎንብሰሽ ጫማሽን በመሐረብሽ ጠረግሽ። ከጠራም በኋላ ጠረግሽ። ቀና ስትዪ «ይቅርታ አባዬ። እማ ሾርባህን ጨርስ ብላሃለች» አልሽኝ። ጨረስሁት።

ሁለት ዓመት ያንን ክፍል ከአልጋው ላይ ሆኜ ብቻ ነበር የማየው። በየቀኑ ከበሩ ውጭ ቆመሽ ፊትሽን ስታበጂ አላየሁሽም። ያመጣሽልኝ መልስ ሁሉ ቁርጥ የእሷ ነበር፤ «ሸምግለህም አትታረምም ብላሃለች» ያልሽኝ ዕለት ቁስሌ እስኪያመኝ ሥቄአለሁ። ለካ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እናትሽን በምላስሽ አኑረሻታል። አብሮሽ ማልቀስ የነበረበት ሰው ደግሞ ስለ መላጊያው ይጠይቅሽ ነበር።

ፍሬን ነው ብሩሹን አስቀምጦ ሥዕሉን ብዙ ካየ በኋላ የተናገረው።

«ይቺ ልጅ እንዲህ እንደ ቆመች ልትቀር ነው? ወንበሩ እኮ ባዶ ነው። አስቀምጣት እንጂ፣ አንተ ደረቅ።»

አስቀመጥሁሽ። እጄ ዳነ ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዳንድ ቀን ይፈታል፣ ዛሬ ግን ይኸው ያለ እረፍት ጽፏል።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። የአባትሽ ቤት እያለ ሆቴል ማደር የለም። ክፍልሽን አጽድቼዋለሁ፤ አልጋሽ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እግሩን ቀይሬዋለሁ። የምትደርሺበትን ሰዓት ጻፊልኝ፤ መጥቼ እቀበልሻለሁ። በማግስቱ እናትሽ መቃብር ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበር የምመላለሰው። ያን ቀን የቆምሽበትን ቦታ ታሳዪኛለሽ፤ እኔም እዚያው እቆማለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናው፤ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ደክሞሽ እንኳ ቢሆን በሰላም ያድርስሽ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ስትደርሺ ይቅርታ ልትዪ አፍሽን እንዳትከፍቺ። እኔም አልከፍትም። ስለዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን የምናገረው ይህን ያህል ነው፤ ከዛሬ ወዲያ ብትጠይቂኝም፣ ብትለምኚኝም፣ አንዲት ቃል አትሰሚም። ሆድ ይፍጀው።

አባትሽ