ሰማያዊው መብራቴ ላሳሰባቸው ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ፣
የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ቤቴል

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው መስኮት የማይነቀለው ዓይንዎ ደህና እንዲሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። ዊዳድ ነኝ፣ ከአራተኛ ፎቅ፤ ያቺ ሳሎኗ ሰማያዊ መብራት የሚበራባት።

በመጀመሪያ ስለ ንቁነትዎ አመሰግናለሁ። እናቴን ክሊኒክ ይዤ በሄድኩበት ዕለት መብራቱን ከግቢ አይተው፣ «ይቺ ልጅ ጭፈራ ቤት ከፍታለች» ብለው፣ ስልክ እንኳ ሳይደውሉልኝ የቤቴን ኤሌክትሪክ በጥበቃው አስጠፍተዋል። ጭፈራ ቤት ያሉት በሰማያዊ መብራት የሚደምቅ፣ የባሕር ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ ነበር፤ ጨፋሪዎቹም ኮራሎች። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ መሆኑን፣ የእኔዎቹም ከባሕር የተነቀሉ ሳይሆኑ እዚያው ገንዳ ውስጥ ከትንሽ ቁራጭ ያደጉ መሆናቸውን ቢጠይቁኝ በደስታ አስረዳዎት ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስላጽናኑኝ ነው። ስመለስ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ቆሞ፣ ኮራሎቹ ነጭ ልጋግ ለብሰው ጠበቁኝ። ጠርዙ አረንጓዴ፣ መሐሉ ብርቱካናማ ሆኖ የወጣልኝ፣ እኔ እስከማውቀው ከእኔ በፊት ማንም ዘንድ ያልታየው አዲሱ ዝርያ፣ እጄ ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠ። እያለቀስኩ ደጅዎ ብመጣ፣ «ድንጋይ ደግሞ ይሞታል እንዴ?» አሉኝ። እናቴ እጄን ይዛ «ነይ ልጄ፣ እንሂድ» ባትለኝ ኖሮ ተጨማሪ ማጽናኛ ባገኘሁ።

የመጨረሻው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት መምህርት ማራኪ ከዚያው ዝርያ ቀደም ብዬ፣ ይጸድቃል ብዬ ሳልጠብቅ፣ የሰጠኋቸውን ቁራጭ በገንዳቸው አሳድገውት ኖሯል። ጎረቤቱ ሊያየው ሲጎርፍ እርስዎም ከፊት ቆመው፣ «ኮሚቴያችን ያፈራው ነው» እያሉ ለእንግዶች ሲያስጎበኙ በጆሮዬ ሰማሁ። ድንጋይዎ ነፍስ ስለዘራልዎ እንኳን ደስ አለዎት።

መምህርቷ ከእሱ ቆርጠው መልሰውልኛል። ዛሬ ጠዋት ገንዳዬ ውስጥ ሲፈካ ቀድማ ያየችው እናቴ ናት፤ ጮኻ ጠራችኝ።

ለመስኮቴ ያለዎት ፍቅር ሳይቀዘቅዝ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጭፈራ ቤቱ ባለቤት፣
ዊዳድ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ለሊቀመንበርነት እንድወዳደር ጎረቤቶቻችን ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ። የቆጣሪውን ክፍል ቁልፍ ሲያስረክቡኝ የእርስዎ ቤት ማጥፊያ የትኛው እንደሆነ እንዳይጠቁሙኝ አደራ፤ እኔም ሰው ነኝ።