ስሜን በልጄ ደረት ላይ ላዘመቱት ለሳጅን ምንይሉ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ለተከበሩ ጡረተኛ ሳጅን ምንይሉ
የካዴቶች ፕሮግራም አሠልጣኝ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፊርማዬን ስለጠየቁበት ቅጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔና ባለቤቴ ውብነሽ፣ እንቅልፋችን ካጠረ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ጉሮሮዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት ስላልሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በሐበሻ ገበያው በር ላይ፣ ከሚከራይ ክፍል ማስታወቂያና ከዕድር ስብሰባ ጥሪ መካከል የለጠፍኩት፣ ሐሙስ ሐሙስ በርበሬ ሊገዙ ሲመጡ እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው። ቆመው ለሚያነቡ ሌሎች ወገኖችም ነገሩ ግልጽ ይሁን፦ እኔ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የምሠራ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ የኤልዳና አባት ነኝ። እርስዎ ደግሞ ሃያ ዓመት በአሜሪካ ጦር አገልግለው በክብር የተሰናበቱ፣ ዛሬ በልጄ ሃይስኩል ታዳጊዎችን ሰልፍና ሥነ ሥርዓት የሚያስተምሩ የአገራችን ልጅ ነዎት። ኤልዳና ሁለት ሳምንት ለሙከራ ገብታ፣ ዩኒፎርም ተውሳ መጥታለች፤ እንድትቀጥል ግን የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ እስከ ዓርብ ድረስ መመለስ አለባት። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነው። ከመፈረሜ ወይም ካለመፈረሜ በፊት የሚከተሉትን አቤቱታዎች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አመላመልዎ። መስከረም ላይ፣ በአዲስ ዓመት በዓላችን ቀን፣ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ ድንኳን ተክለው፣ የብረት ዘንግ አቁመው፣ አገጩን አሥር ጊዜ ከዘንጉ በላይ ያሳለፈ ቲሸርት ይወስዳል ማለትዎን በአድናቆት አስታውሳለሁ። ልጄ አሥራ አንድ ጊዜ አሳለፈች፣ እኔም ሞኙ አጠገቧ ቆሜ አጨበጨብኩ። በእኛ ዘመን ለውትድርና መልማይ መጣ ሲባል ሰው አጥር ይዘል ነበር እንጂ ወረፋ አይዝም ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን የቲሸርት ዘዴ ቢያውቅ ኖሮ ስንት ጫማ ከማለቅ በዳነ።

ይህ ውትድርና ሳይሆን ትምህርት እንደሆነ፣ ልጆቹም ሲጨርሱ ጦሩን የመቀላቀል ግዴታ እንደሌለባቸው በትሕትና ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ዩኒፎርም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ሰልፍ አለው፣ የእንጨት ጠመንጃም አለው፤ ውትድርና ግን አይደለም። እኔም በጾም ቀን ሥጋ ቤት ተገኝቶ «ለወሬ ነው የመጣሁት» የሚለኝን ሰው የማምነውን ያህል አምኜዎታለሁ።

2ኛ. ስለ ቤቴ። ልጄ ከእርስዎ ጋር መዋል ከጀመረች ወዲህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ አልጋዋን ታነጥፋለች። ውብነሽ አሥር ዓመት ለምናም፣ ተቆጥታም፣ ተስላም ያላገኘችውን እርስዎ በአሥራ አራት ቀን ስላስገኙላት ሻማ ልታበራልዎ ተዘጋጅታለች። ምስጋናው የእሷ ነው፤ እኔ ግን በልቼ ብድግ ስል «አባዬ፣ ፕሌትህን ክሊን አድርግ እንጂ፣ ዲሲፕሊን ያስፈልጋል» መባል ጀምሬአለሁ። በመጥረጊያ እንጨት የጠመንጃ ልምምድ ስታደርግ የሳሎናችንን አምፖል ስለሰበረች፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኩሽና ውስጥ ሆኜ ነው።

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጋሼ ቀለመወርቅ ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል። ባለፈው ሐሙስ ደረጃው ላይ የቦት ጫማ ኮቴ ሰምተው በር ሲከፍቱ ኤልዳናን ከነዩኒፎርሟ አዩዋትና፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከትተው መታወቂያቸውን አወጡላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል ይህ ነው። እሷም «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ኢትስ ኦኬ» ብላ አቅፋ ሳመቻቸው። ያወጡት የጤና ኢንሹራንስ ካርዳቸው ነበር፤ ያም ሆኖ እሷ እስክትሄድ ድረስ ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም።

3ኛ. ስለ ስሜ። ክቡር ሳጅን፣ ጉሮሮዎ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዩኒፎርሙ ደረት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ኤልዳና አይደለም፤ ዘለቀ ነው። የፈረንጅ ደንብ ሰውን በመጨረሻ ስሙ ስለሚጠራ፣ እርስዎም ሜዳው ላይ ቆመው «ካዴት ዘለቀ!» እያሉ ይጣራሉ። ፈረንጅ ቢያደርገው የቤተሰብ ስም መስሎት ነው ብዬ በተውኩት ነበር፤ እርስዎ ግን ያ ስም የልጅቱ ሳይሆን የእኔ የራሴ፣ እናቴ ያወጣችልኝ መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ባለፈው ሰኞ ልወስዳት መጥቼ መኪናዬን አጥሩ ሥር ፓርክ እንዳደረግሁ «ዘለቀ! ወደ ፊት!» ሲሉ ሰማሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ተደበቅሁ። ልጄ መጥታ መስኮቱን እስክታንኳኳ ድረስም አልተነሣሁም።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በ1981 ዓ.ም.፣ ናዝሬት ውስጥ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና አርባ ሰው እንዲያቀርብ ታዘዘ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ «ዘለቀ ተስፋሁን!» ብሎ ሦስት ጊዜ ሲጠራ፣ እኔ በአክስቴ በእትዬ የሺሃረግ ዶሮ ቤት ውስጥ ተጋድሜ ነበር። ለጥሪው መልስ የሰጠው አውራ ዶሮው ብቻ ነው። ይህችን ወሬ በየድግሱ እያወራሁ ሰው ሳስቅባት ኖሬአለሁ፤ ቀጥሎ የሆነውን ግን እስካለፈው እሁድ ድረስ ለውብነሽ እንኳ ነግሬአት አላውቅም ነበር። አርባው መሙላት ነበረበትና፣ በቀበሌው ሱቅ ስኳር ለመግዛት ተሰልፎ የነበረውን የጎረቤታችንን ልጅ ለተማርያምን በእኔ ቦታ ጫኑት። በአንድ ዓመት ነበር የምበልጠው። አልተመለሰም።

እንግዲህ ስሜ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ደስ የማይለኝ ለዚህ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የሸሸሁት ሰልፍ ስሜን እያፈላለገ ሎስ አንጀለስ ድረስ መጣ፤ እኔን ሲያጣ ልጄን አለበሳት። በቀልድ ልሸፍነው ብሞክርም፣ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ፤ ዛሬ የእንጨት ጠመንጃ የያዘች ልጅ ነገ ምን ትይዝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

4ኛ. አራተኛም አቤቱታ ነበረኝ፤ ኤልዳና አስጣለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጹን ላልፈርም ቆርጬ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁሉንም ለእሷና ለእናቷ ነገርኳቸው፤ ዶሮውንም፣ ለተማርያምንም። ውብነሽ አለቀሰች። ልጄ ግን «ሶ አንተን ማንም አስክ አላደረገህም?» አለችኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ አልኳት። «እኔን ግን አስክ አድርገውኛል» አለች።

እኔም ዋናውን ነገር ባጣ እንኳ ትንሿን ላትርፍ ብዬ፣ ቢያንስ ደረትሽ ላይ የራስሽን ስም እንዲያደርጉልሽ ሳጅንን እለምናለሁ ብላት «ኖ፣ አባዬ» አለችኝ። አራተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዎቿ ዘለቀን እያጣመሙ ሲጠሩት ልጆች ስለሚስቁባት፣ ቀላል ስም ፈልግልኝ ብላ ያለቀሰችብኝ ይህችው ልጅ ናት። «እዚያ ስኩል ውስጥ ስምህን ራይት የሚጠራው ሳጅን ብቻ ነው፤ ሲጠራው ደስ ይለኛል» አለችኝ። መብራት ላይ ቆመን ነበር፤ አረንጓዴው በርቶ የኋላው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ዓይኔን ስጠርግ ቆየሁ።

ስለዚህ ክቡር ሳጅን፣ ቅጹን ዛሬ ማታ፣ ይህን እየጻፍኩ ፈርሜአለሁ። የአንድ ዓመት ነው። የፈረምኩት እርስዎ አሳምነውኝ አይደለም፤ እኔ ሳይጠይቁኝ ስለወሰኑብኝ የሸሸሁ ሰው፣ ተጠይቃ እሺ ያለችን ልጅ ሳልሰማ ልወስንባት ስላፈርኩ ነው። በጀርባው ላይ ግን በእጄ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ ግቢ ሲሏት እንደጠየቋት ሁሉ፣ በቃኝ ስትልም ይስሟት።

ዓርብ ቅጹን በልጄ ቦርሳ ሳይሆን በእጄ አመጣዋለሁ። አጥሩ አጠገብም በእግሬ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስም ሲጠሩ፣ «ዘለቀ!» ባሉ ጊዜ ሁለት ሰው አቤት ቢልዎ አይደናገጡ፤ አንዷ ሰዓቷን ያከበረች ካዴት ናት፣ ሌላው ሠላሳ ሰባት ዓመት የዘገየ ሰው ነው። የእኔን አቤት እርስዎ ለራስዎ እንዳይወስዱት አደራ። እሱ የለተማርያም ነው።

ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ጉሮሮዎንም ከዓርብ በፊት ጉንፋን አይንካብኝ እያልኩ፣ ሳይመለመል ከዘመተው፣ ሳህኑንም አሁን ራሱ ከሚያነሣው፣

አክባሪዎ
ዘለቀ ተስፋሁን
የካዴት ዘለቀ አባት

ግልባጭ፦
ለጋሼ ቀለመወርቅ፤ ካርድዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ፣
ለወይዘሮ ውብነሽ፤ ሻማውን ዓመቱ ሲያልቅ ታበሪዋለሽ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል የገበያው ባለቤት ፀዲ እንዳጫወተችኝ፣ ከኤልዳና ጋር አንድ ክፍል የምትማረው ልጅዎ ኤማ ለካዴት ሳይሆን ለቫዮሊን ነው የተመዘገበችው፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሣህሊቱ «ለአንድ ቤት አንድ ወታደር ይበቃል» ብለው የእርስዎን ቅጽ አልፈርምም አሉ አሉ። የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ከመምጣቱ በፊት የማማክራቸው ጉዳይ ስላለኝ፣ የስልክ ቁጥራቸውን ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።