መጀመሪያ ነበረው ያልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1980

አፌን ምን ከፈተው! የመምህራን የውይይት ክበብ ነበር፤ ርዕሱ «ቁስ አካል መጀመሪያም መጨረሻም የለውም»። ካድሬው «የፊዚክስ መምህሯ ታስረዳን» አለ። ከመጽሐፉ ሁለት መስመር አንብቤ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ስለ ኳዛር ቀጠልኩ። ከሩቅ ጋላክሲ እምብርት የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን ነው፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ቢሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሩቁን ማየት የጥንቱን ማየት ነው። በጣም ርቀን ስንፈልግ ደግሞ ኳዛሮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ያኔ ገና መፈጠር እየጀመሩ ነበር።

«እና ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ዓለም መጀመሪያ ነበረው ማለት ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የጴንጤው ወንጌላዊ ልጅ መሆኔን የማያውቅ የለም።

ረቡዕ

ለዓርብ ግለ ሂስ ታዘዝኩ። ካድሬው ራሱ ጽፎ ሰጠኝ፤ የእኔ ድርሻ ማንበብ ብቻ ነው። «ሃይማኖታዊ ቅዠቴን በሳይንስ ስም አሰራጭቻለሁ...» ካላነበብኩ እታሰራለሁ። አባባ ኮምቦልቻ ሰው ቤት ጸሎት ሲመሩ ተይዘው ስድስት ወር ታስረዋል፤ ደረታቸውን ታመው ነው የወጡ። ከእኔ በቀር ውሃ የሚያቀብላቸው የለም።

ፎቶዎቹን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የድሮ አስተማሪዬ ከውጭ የላኩልኝ ናቸው፤ አንድ የሰማይ ቦታ፣ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በቀይ ማጣሪያ የተነሣ። ነጥብ በነጥብ አስተያያለሁ። በቀዩ ላይ ኖሮ በሰማያዊው ላይ የጠፋ ነጥብ በጣም የራቀ ኳዛር ሊሆን ይችላል። በሦስት ወር አርባ አንድ አገኘሁ። አብዛኛው አቧራ ወይም ተራ ቀይ ኮከብ ነው። ሦስቱ ግን ልቤን ሰቅለውታል።

ሐሙስ

የጂኦግራፊው መምህር ሰይድ ፒያሳ ሻይ ጋበዘኝ። ግራ ቀኙን አየና «አንቺ፣ ወላሂ እኔም መጀመሪያ አለው ባይ ነኝ! ግን ማን ጠየቀኝ? አንብቢላቸውና ወደ ሽማግሌው አባትሽ ተመለሺ» አለ። ሳቅሁ፤ ወዲያው እንባዬ መጣ። ተናደድኩበትም። እሱ ዝም ማለት ይችላል። እኔን በገዛ አፌ በዓይኔ ያየሁትን ሊያስክዱኝ ነው።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። እምነትዎን ክደው ይፈርሙ ሲባሉ እምቢ ብለው የወጡ ሰው ናቸው። ምእመኑ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። በምን ፊቴ?

ዓርብ

አነበብኩት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሰይድ ጫማውን ያይ ነበር። አጨበጨቡ። ከዚያ ካድሬው ፎቶዎቹን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። የሦስቱን ነጥቦች ቦታ ገልብጬ አላስቀረሁም። ጅል ነኝ።

ቅዳሜ

ሳልነግራቸው ወሬው ቤት ገብቷል። አባባ እግር ሥር ወደቅሁ።

«ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ ያልካዱትን እኔ ካድኩ።»

ረጅም ሳል ሳሉ። «ተነሽ ልጄ» አሉኝ። «እኔም ፈርሜ ነው የወጣሁ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። «ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ነው» አሉ። «ዳግም ከሰበክሁ በአደባባይ ሊያነቡት። ደረቴ ነው እያልኩ ስብከት የተውኩት ለዚህ ነው።»

ቀለለኝ ልበል? አላውቅም። ባለፈው ዓመት ሁሉ ስፈራ የምይዘው የእሳቸውን እምቢታ ነበር። ተቆጣሁ፤ ደግሞ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሲሰበስቡ አየሁና አዘንኩ።

ምሳ አቀረብኩ። እንደ ወትሮው እስኪጸልዩ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ዛሬ አንቺ ጸልዪ» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልመጣልኝም። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም ዓይናችንን እንደጨፈንን ቆየን።