በደሳለኝ ስም የተቀመጠው መልእክትሽ

ይድረስ ለእታለሜ ሀስና፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪላት እመቤትስ ጠባይዋ ትንሽ ለዘብ አለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጎርፉ ከተራራው በደግ ወርዶ ማሳውን አጠጥቶልን ማሽላው ጥሩ ሰጥቷል። የጎደለን አንቺ ብቻ ነሽ።

ሀስናዬ፣ ዝም ያልንሽ ጨክነን እንዳይመስልሽ። የምሠራበት ማሠልጠኛ ጓዳ ውስጥ ሰርቨር የሚሉት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ ሁላችንም ከየጠረጴዛችን በየስማችን እየገባን የምንሠራው በእሱ ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ጫንበት ተባልኩና ጫንኩ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አድራሻ ማበጀት ነበረብኝ። የሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን እየመጣለት ያደገ ሰው ግን ምን ያውቃል? አንድ አድራሻ ለሁላችን ይበቃል ብዬ አረፍኩት! ላንቺም በሰው የላክሁልሽ ያንኑ ነው።

ለካ ፕሮግራሙ እንደ ፖስታ ቤቷ ሸዋዬ አይደለም። ሸዋዬ እንኳ መንገድ ላይ ስታገኘን «ከጅዳ መጥቶላችኋል!» ብላ ትጮህልናለች። ይኼ ግን ቀድሞ ለከፈተው ሰው መልእክቱን ሁሉ ጠራርጎ በእሱ ስም ያስቀምጥና ለሌላው ትንፍሽ አይልም። የንብረት ክፍሉ ደሳለኝ ከሁላችን ቀድሞ እየከፈተ ያንቺን በስሙ አስቀርቶት ኖሯል። እሱ እንደሆነ ከኳስ ወሬ ሌላ አያነብ፤ ሳያየው ወልድያ ተዛወረ። እኔ በየጠዋቱ እከፍታለሁ፣ ባዶ ነው። ያንቺን አድራሻ ስለማላውቅ ቀድሜ መጻፍም አልቻልኩ። እማዬ «ምን አለች?» ስትለኝ «ዛሬም የለም» እያልኩ ከረምኩ። አንቺን ስልክ እንደማያስነኩሽ እያወቀች እንኳ «ልጄ ረሳችኝ» ማለት ጀምራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደሳለኝ ዕቃ ሊያስረክብ ቆቦ መጣ። በስሙ ሲገባ በአሠሪዎችሽ ኮምፒውተር ተደብቀሽ የጻፍሻቸው መልእክቶች ተደርድረው ተገኙ። «ውሌ ሊያልቅ ነው፤ እማዬ ነይ ካለችኝ ለአረፋ እመጣለሁ» ትያለሽ። ቀጥለሽ «ምነው ዝም አላችሁኝ?» ትያለሽ። በመጨረሻም «እንዳልከብዳችሁ ፈርታችሁ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ጨምሬ ፈርሜያለሁ።» ወይኔ እታለሜ! ዝምታችንን እንቢታ አደረግሽው። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ደሳለኝም «አፈር በበላሁ» እያለ አብሮኝ አለቀሰ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ አነበብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ለገዛ ቤቷ ማን አስፈቅጂ አላት?» አለች። ከዚያ ተነስታ መደብሽን አነጠፈች፤ እስካሁን ማንንም አታስተኛበትም።

አሁን ለሁሉም የየራሱን አድራሻ ሰጥቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔው የሠራሁትን እኔው አላመንኩትም፤ ስለዚህ ይህን በወረቀት ጽፌ ወደዚያ ለምትሄደው ለኡሙሃኒ በእጇ ሰጠኋት። ያ ውል የሚፈርስበት መንገድ ካለ ጠይቂ፤ ከሌለም ያለቀ ዕለት ነይ። አንቺ ሳትኖሪ ያለፈው አረፋ አረፋ አልነበረም።

ወንድማችን ፈሪድ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል፤ ጢም አብቅሏል፣ ብታዪው አትለዪውም። ጎረቤታችን የሻረግ ከነልጆቿ ናፍቃሻለች። ደሳለኝም ይቅር በይኝ ይልሻል። እማዬ ግን ሰላምታ አልልክም ብላለች። «ነይ በላት» ብቻ አለችኝ።

ወንድምሽ ኢብሮ
ቆቦ፣ መጋቢት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.