የአባባ ያልሆነው ስንኝ

ውድ እህቴ ኤሌኖአ፣

እንደምን ከርመሻል? ዛሬ ደሴታችን ሊፉካ ላይ ባሕሩ ረግቷል፤ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ስጽፍልሽ ውሃውና ሰማዩ የቱ ጋ እንደሚለያዩ አይታወቀኝም። አባባ የመጨረሻ ግጥሙን የነገረኝ እንዲህ ባለው ቀን ነበር። እያንቀላፋ፣ እየነቃ፣ በጣቱ የአልጋውን ጠርዝ እየመታ፦

ጀልባዬ ተፈታች፣ ነፋሱም ተነሣ፤
ያቺ ትንሽ ደሴት መች እኔን ልትረሳ፤
መቅዘፊያውን ስጡኝ፣ ጉልበቴ ሳይሳሳ፤

አራተኛውን ሳይነግረኝ እንቅልፍ ወሰደው፤ አልነቃም። አንቺ ለትምህርት ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ነበርሽ።

ለቀብሩ መዘምራኑ ግጥሙን ከእጄ ሲቀበሉ ግን አራት ስንኝ ሆኖ ነበር፦ «ከጎኔ የቆየችው ልጄ ግን ትባረክ።»

አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ተዘመረ። ባለፈው ገና መጥተሽ፣ የመዘምራኑ ልምምድ ላይ ወረቀቱን ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ የየስንኙን ቀለም በእርሳስ ስትቆጥሪ አየሁሽ።

«ሉሴአኔ፣ ይሄ የአባባ አይደለም» አልሽኝ ቀስ ብለሽ። «አባባ ስድስት ስድስት ቀለም ነው የሚያስረው። ‹ከጎኔ የቆየችው› ግን ሰባት ነው። ቤቱም በ‹ሳ› ሲመታ መጥቶ እዚህ ‹ክ› ይላል። አባባ ቤት ሲያፈርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሲሞት የት ነበርሽና ነው ዛሬ የምትቆጥሪው!» ብዬ ሰው ፊት ጮኽሁብሽ። በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ ሄድሽ።

እህት ዓለም፣ ስንኙ የእኔ ነው። ሦስት ዓመት አስታምሜው፣ አንድም ግጥም ውስጥ ሳያነሣኝ ሞተብኝ። ባይለኝ እንኳ እንዳለኝ ይሰማልኝ ብዬ ጻፍሁት።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። ከዚያ የመዘምራኑ መሪ ሽማግሌው ሴሚሲ፣ «እኔ እኮ እዚያ ጋ ስደርስ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ያረጀሁ መስሎኝ! ለካ አንቺ ነሽ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። ሦስቱን ዘምረን በአራተኛው ቦታ ዝም አልን። በመስኮቱ የባሕሩ ድምፅ ገባ፤ አባባ ደጅ ቆሞ የሚያዳምጠን መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ለእነርሱም አልነገርኋቸውም። አባባ ሦስተኛውን ስንኝ ከጨረሰ በኋላ ዐይኑን ወደ ወደቡ አዙሮ፣ «ጀልባዋ ገባች? ኤሌኖአ መጣች?» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ቀንቼ አሥራ አንድ ዓመት ደበቅሁሽ።

አፌን ሞልቼ ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፍርም። ቃሉ ግን የአንቺ ነውና ላክሁልሽ።

እህትሽ ሉሴአኔ